ከሮቶው በላይ ያለችው ኮከብ

አባቴ ዓይኑን ለሐኪም አያሳይም፤ ለኮከብ ግን በየሳምንቱ ያሳይ ነበር።

እሁድ ማታ፣ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ግቢ ይወጣል። ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ ወደተቀመጠው ጥቁር የውሃ ሮቶ ዞሮ ይቆማል። መጀመሪያ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ቀጥሎ ቀኙን። «አለች» ይልና ተመልሶ ይገባል። ይህች አንዲት ቃል፣ በማግስቱ ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሕፃናት በሚኒባሱ ጭኖ ከቀራንዮ ቤቴል፣ ትምህርት ቤታቸው በር ድረስ መንዳት ይችላል ማለት ነበረች። ከአሥራ አንዱ አንዷ የእኔ ልጅ ናት።

ሕጉን ያመጣው ከጅቡቲ መንገድ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ነድቷል። ሥራውን ያስተማሩት አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ ሲመሽ መኪና አቁመው ሲያርፉ ወጣቶቹን ከጋቢና ያስወርዱና «ከሰማዩ ሁሉ ደማቋን ፈልጉ» ይሏቸው ነበር። በአንድ ዓይን፣ ከዚያ በሌላው። ፈጥኖ ያላገኛት ሰው በማግስቱ መሪ አይጨብጥም። አባቴ እኚህን ሽማግሌ አንድም ቀን ሲጠራጠራቸው ሰምቼ አላውቅም። «ሐኪም ዓይንህን ነው የሚያየው፤ እሳቸው ግን ዓይንህ የሚያየውን ነው የሚያዩት» ይለን ነበር።

ከጡረታ በኋላ ቤት መቀመጥ ሲያቅተው ያችን ሚኒባስ ገዝቶ የተማሪ ሰርቪስ ጀመረ። ስልሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው እናቴ ዓይን ሐኪም ዘንድ ካልሄድክ ብላ ወጥራ ያዘችው። ያን ጊዜ ነው፣ ባለፈው ጥር፣ ሁለታችንንም ጎትቶ ግቢ ያወጣን፤ የእሁድ ማታው ልማድም የተጀመረው በዚያ ነው። ኮከቧ ከሮቶው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ቆማለች፤ ነጭ ናት፣ ትርገበገባለች፣ ሌሎቹን ሁሉ ታሳንሳለች። በግራም በቀኝም ዓይኑ አየና እጁን ኪሱ ከተተ። እናቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ትታን ገባች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼበት ነበር። በዚህ ዕድሜው እንዲህ የሚያይ አባት ያለው ስንቱ ነው ብዬ።

በየካቲት የሚኒባሷ ሞተር ወርዶ አምስት ሳምንት ጋራዥ ቆመች። ልጆቹ በሌላ መኪና ተመላለሱ። አባቴም እሁድ ማታ መውጣቱን ተወ፤ የማይነዳ ሰው ዓይኑን ምን ያስመረምረዋል። መኪናዋ በመጋቢት ስትመለስ እሱም ወደ ግቢው ተመለሰ። «አለች» ማለቱም ቀጠለ።

ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። በጥር ጊዜ ወስዶ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ እየጣመው ነበር የሚያያት። ከመጋቢት ወዲህ መዳፉ ዓይኑ ላይ በቅጡ ሳያርፍ «አለች» ብሎ ይዞራል። በዚያው ሰሞን ዓመታት ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረውን የራሳችንን የግቢ በር ገጭቶ የቀኙን ስፖኪዮ ሰበረው። «በሩን ማነው ያጠበበው?» ብሎ ቀለደ። ሳቅን። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ሻዩን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ከጎኑ ያለውን የእናቴን ብርጭቆ ደፋው። መተላለፊያ ላይ የቆመ በርጩማ ሁለት ጊዜ አደናቀፈው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ እኛም እየሳቅን ነበር።

እናቴ ደግሞ በዚያው ወር ከሱ ጋር ጋቢና እየተቀመጠች መሄድ ጀመረች። ምክንያቷ አትክልት ነው፤ የቤቴል ቲማቲም ይሻላል አለች። ቲማቲም እደጃችን ድረስ ይዞርልናል። «እማዬ፣ በስተርጅናሽ ሽርሽር ለመድሽ» አልኳት አንድ ቀን። እናቴ ቀልድ የማታልፍ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ፌስታሏን አጣጥፋ ወጣች።

እኔ ጦር ኃይሎች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዓት ሰዓቱን አያለሁ፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ያሉበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ስልኬ ከጠራ የያዝኩትን ጥዬ አነሳዋለሁ። ደንበኛ መታወቂያ ሰጥቶኝ የፊቱን ብቻ ገልብጬ ጀርባውን እረሳለሁ። የራሴን ልጅ ከመኪናው ማውጣት እችል ነበር። በታክሲ ልልካት፣ ቀድሜ ተነስቼ ላደርሳት እችል ነበር። ግን አሥሩን ማን ያወጣቸዋል? እናቶቻቸው «አያትየው ናቸው የሚነዱት፣ የልጅ ልጃቸውም እዚያው ናት» ብለው ነው አምነው የሚሰጡን።

ሁለት ጊዜ ጠየቅሁት። እኔ ትዕግሥት የሚባለውን ሲያድሉ አልነበርኩም፤ አጠያየቄም የፖሊስ ነበር። መጀመሪያ «ስለ ዓይኔ ኮከቧን ጠይቂያት» አለኝ። ሁለተኛው ላይ ተቆጣ። «ያችን ኮከብ እያየሁ ማንም መሪ አያስለቅቀኝም» ብሎ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋው።

የግንቦት አንዱ እሁድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ አባርቷል፤ አመሻሹ ላይ ሰፈሩ መብራት ጠፋበት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አባቴ እንደልማዱ ወጣ፤ እኔም ልብስ ከገመድ እንደምታወርድ ሰው ተከትዬው ወጣሁ። ወደ ሮቶው ዞረ። አንድ ዓይን፣ ሌላ ዓይን። «አለች» አለና አጠገቤ አልፎ ገባ።

እኔ ቀረሁ። ልብሱን ትከሻዬ ላይ እንደጫንኩ ወደ ሮቶው አየሁ። ምንም የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የራሴን ዓይን ነው። ማንም እንዳላየኝ አረጋግጬ ግራዬን ሸፈንኩ፤ ቀኜን ሸፈንኩ። ከሮቶው በላይ ጨለማና ሁለት ሦስት ጭል ጭል የሚሉ ነገሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ስዞር ግን ከጀርባዬ፣ በወጨጫ ተራራ በኩል፣ ከመብራት ሽቦው ከፍ ብላ ያቺው ኮከብ ቁጭ ብላለች። ነጭ፣ እየተርገበገበች።

ስልኬን አወጣሁና ሰማይ የሚያሳይ አፕ ጫንኩ። እስኪወርድ ድረስ ቆሜ ጥፍሬን በላሁ። ወደ ወጨጫ ስደቅነው ስሟን ነገረኝ፤ ሲሪየስ ይሏታል። ወደ ሮቶው ስመልሰው ዝም። ቀኑን ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፤ ገፋሁት። ሚያዝያ፣ መጋቢት፣ የካቲት። ኮከቧ ከተራራው ተነስታ በአናታችን ላይ አድርጋ ወደ ምሥራቅ እየተመለሰች፣ ጥር ላይ ስደርስ ልክ ሮቶው ላይ አረፈች። አንድ ሰዓት ላይ እዚያ የምትገኘው በጥር ነው። ከዚያ በኋላ ምሽት በምሽት ጥቂት ጥቂት እያለች ሄዳለች። አባቴ ከመጋቢት ጀምሮ «አለች» ሲል የኖረው ለባዶ ሰማይ ነበር።

ደሜ ፈላ። ልብሱን በሩ ላይ ጥዬ ጠራሁት። ሻማ ይዛ እናቴም ወጣች።

«አባዬ፣ ኮከቧን አሳየኝ።»

«አሁን አይቻት አይደል እንዴ የገባሁት።»

«ለእኔ አሳየኝ።»

ጣቱን ወደ ሮቶው ቀሰረ። «ይቻትልሽ።»

«እዚያ ምንም የለም።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። «ምንም?» አለ ቀስ ብሎ።

«ምንም። ቦታውን ከለቀቀች ከሁለት ወር በላይ ሆኗታል። ኮከብ እንዲህ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከጥር እስከ ግንቦት ከዚያ እዚህ ነው የሚሄደው። ስልኩ ላይ ላሳይህ።»

ስልኩን አላየም። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረ። እንዲያ ሲስቅ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር። «እሷ ናታ የሄደችው» አለ። «እሷ ናት። እኔ እኮ መኪናዋ ከጋራዥ እንደመጣች ወጥቼ ሳያት የለችም። ደመና ነው አልኩ። በሳምንቱም የለችም። አለቀልኝ፣ ታወርኩ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ያደርኩበት ጊዜ አለ። ለእናትሽ ብቻ ነው የነገርኳት። ለካ የሌለችውን ነው የምፈልገው። የሌለችን ኮከብ ማን ያያል? አንቺስ አየሻት?»

«አላየኋትም» አልኩ።

«አየሽ» አለ። ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «ጤነኛ ሰው ነኝ ማለት ነው።»

ይህን ስሕተት ሌላ ሰው የሚሠራው አይመስለኝም። አንድ ቦታ የኖረ ገበሬ ኮከብ እንደሚሄድ ያውቃል። አባቴ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሁለት ቀን አንድ ቦታ አምሽቶ አያውቅም። ትናንት በቀኙ የነበረችው ዛሬ በግራው ብትታየው፣ የዞረው መንገዱ ነው፣ የሄድኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያልፈው። ወደ ቤቱ ገብቶ አንድ ግቢ ውስጥ ሲቀመጥ እሷም አብራው የተቀመጠች መሰለው።

እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለአፍታ ያህል ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያስጨነቀን ኮከቧ ናት፣ ነገሩ በዚሁ ያልቃል ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ የተሰበረው ስፖኪዮ ትዝ አለኝ። ስፖኪዮውን የሰበረችው ኮከቧ አይደለችም።

«እንግዲያው አሁን ፈልጋት» አልኩት። «ሰማዩ ላይ አለች። የት እንደሆነ አልነግርህም። ልክ ሽማግሌው እንዳደረጉት።»

«እሺ» አለ፤ ደስ ብሎት ነው እሺ ያለው። ዓይኖቹን በእጅጌው ጠረገ፣ የግቢው መሃል ላይ ቆመ፣ ግራውን ሸፈነ።

ከሮቶው ጀመረ። ፊቱን ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሳ፣ ወደ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በኩል ወሰደው፣ ወደ አናቱ መለሰው። ማዶ የአንድ ሱቅ ጄኔሬተር ይንጓጓል። ዞረ። ወደ ወጨጫ በኩል። ፊቱ በኮከቧ ትክክል ደረሰና አለፋት። እጁን ቀየረ፤ በሌላኛው ዓይን ተመለሰ። አሁንም አለፋት። እኔ ከቆምኩበት ስትታይ ያችን ከማየት ማምለጥ ከባድ ነበር። እሱ ግን የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆም፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ቆም ይላል። ሳቁ ከፊቱ ላይ እየሄደ ነበር። በቃህ ልለው ፈለግሁ። ሰኞ ጠዋትን አሰብኩና ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለች እናቴ።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ለጆሮው ብቻ። «ከሽቦው በላይ። ቀና በል። እዚያው ጋ።»

ያ ድምፅ የዚያን ምሽት የተጀመረ አልነበረም። አይጣደፍም፣ አይንቀጠቀጥም፤ የለመደ ድምፅ ነው። ያኔ እናቴ ቤቴል ምን ስትሸምት እንደከረመች ገባኝ። ሰው አለ፣ ቀዝቅዝ፣ ባጃጅ በቀኝ፣ አሁን እለፍ። መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ሁለት ወር ከግማሽ አሥራ አንድ ልጆች ከኋላዋ ጭና በአፏ ስትነዳ ኖራለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄ ነው።

«እማዬ፣ ዝም በይ» አልኳት። በሕይወቴ እንዲህ ብያት አላውቅም።

አባቴ ጣቱን አነሳ። እሷ ወዳለችው ቦታ ነበር የቀሰረው፤ ልክ ነበር፣ ኮከቧ ላይ ነበር። «አየኋት» አለ።

ጣቱ ለትንሽ ጊዜ ሰማዩ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁ ራሱ ወረደ።

«አላየኋትም» አለ። «እናትሽ ናት ያየችው።»

ቤት ገባን። እናቴ ሻማውን ጠረጴዛው ላይ አቁማ ማልቀስ ጀመረች። «አንድም ቀን ብቻውን ለቅቄው አላውቅም፤ ከጎኑ ነበርኩ» አለችኝ።

«አንቺ ፍሬን ትይዣለሽ?» አልኳት።

ዛሬ ሳስበው ክፉ ንግግር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከዚያ የባሰም አፌ ላይ ነበር። ስልኬን አንስቼ ለወላጆቹ እደውላለሁ አልኩ።

«ተቀመጪ» አለኝ አባቴ። «ልጆቹን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ማን ነገራችሁ ቢባል ሹፌሩ ራሱ መባል አለበት።»

የወላጆቹ ቁጥር ያለበትን ደብተር አምጥቶ ሻማው አጠገብ ዘረጋው። ፊት ለፊቱ ያለውን ያነባል፤ ቁጥር በቁጥር፣ አንድም ሳይስት። እስከ ዛሬም ያታለለው ይሄ ነበር። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረን የዓይን ግፊት ዳር ዳሩን እየበላ ነው ወደ መሃል የሚመጣው፤ ሰውየው ጋዜጣውን እያነበበ አጠገቡ የቆመውን አያይም። ያን ማታ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ልጄ ወደተኛችበት ክፍል ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

የመጀመሪያው ላይ «መኪናዋ ትንሽ ስለ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። «የለም፣ መኪናዋ ደህና ናት። ዓይኔ ነው» አለ። «ዓይኔ አያይም። ከነገ ጀምሮ ለልጅዎ ሌላ መኪና ይፈልጉ።» ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛዋ እናት ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ሳትጠይቀው አልቀረችም፤ «ከመጋቢት» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ጩኸቷ እኔ እስካለሁበት ድረስ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም እንጂ። አባቴ አላቋረጣትም። ባለቤቴ አብራኝ ነበረች አላለም፣ አንድም ልጅ አልተጫረም አላለም። እስክትጨርስ ሰማትና «እውነትዎን ነው» አላት። ስድስተኛው ሰው ጆሮው ላይ ዘጋበት። ቀጣዩን ደወለ። አሥር ስልክ ነው የቆጠርኩት፤ በእያንዳንዱ ላይ «ዓይኔ አያይም» ይላል፤ ቃሉን እየለመደው አልሄደም፣ አሥረኛውም ላይ እንደ መጀመሪያው ይከብደው ነበር።

ዝም ሲል ጨረሰ ብዬ ተነሳሁ። እጄ ላይ ያለው ስልክ ጠራ።

የሱ ቁጥር ነው። ደብተሩ ላይ አሥራ አንደኛው ስም የእኔ ነው።

«ሄሎ» አልኩ።

«እንደምን አመሹ። የሰርቪሱ ሹፌር ነኝ።» ድምፁ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከግድግዳው ይመጣል።

ቀልድ ቢሆን ብዬ ጠበቅሁ። ቀልድ አልነበረም። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አመሹ» አልኩት።

«ልጅዎን ከነገ ጀምሮ ሌላ መኪና ያስገቧት። ዓይኔ አያይም። ከመጋቢት ጀምሮ እያወቅሁ ጭኛታለሁ። በደልኩዎት።»

አባዬ ተወው፣ ና እራት ብላ ማለት ይቻል ነበር። ግን ለአሥሩ እናትና አባት እንዲያ እውነቱን የተናገረ ሰው አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርስ እንደ ልጁ ብቀበለው የማዋርደው መሰለኝ። ሌላ ወላጅ የሚጠይቀውን እኔም ጠየቅሁ።

«ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?»

«ፈራሁ» አለኝ።

ከአባቴ አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጄ አጠገቤ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እሷን አየሁ፤ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ በየጠዋቱ የተሳፈረችበትን አሰብኩ፤ ንዴቴ አሁንም እዚያው ነበር፣ ፍቅሬም እዚያው ነበር። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኩት። «እስከ ዛሬ በደህና ስላመላለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

ስልኩ አልተዘጋም፤ ድምፅም አልመጣበትም። በግድግዳው ማዶ ግን አባቴ ሲያለቅስ እሰማው ነበር። የልጅቷ እናት እንዳትሰማው ስልኩን ከአፉ አርቆት መሆን አለበት።